የጓዳና የደጅ አድራሻ

ጢጥ፣ ጢጥ አለ ከመኝታ ቤቱ፤ ሦስተኛው ሳይሞላ ተቋረጠ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መለስ አለለት» አሉ እትዬ ዘምዘም።

ሳሎን የተቀመጠው የልጃቸው ጓደኛ ይሻውም እንደዚያው መሰለው። አልጋው አጠገብ ያለችው ሳጥን የምትጮኸው የታመሙት ባላቸው የጋሽ ከማል የደም ኦክስጅን ሲወርድ ነው፤ ዝም ካለች ደህና ናቸው። ሳጥኗን ከነውስጥ ፕሮግራሟ የሠሯት እሱና ልጃቸው ሙባረክ ናቸው።

ሙባረክ ውሃ ይዞ ገባ። «አባ» አለ። ቆይቶ «አባ!» አለ። ከዚያ በኋላ የእናቱ ጩኸት ሰፈሩን ሞላው።

ከቀብር መልስ ሙባረክ ለቀስተኛውን ድንኳን ውስጥ ትቶ፣ ሳጥኗን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። ይሻው አጠገቡ ተቀመጠ። ሙባረክ ምን ሊያገኝ እንደሆነ ያውቃል።

ክረምቱን ሙሉ ይሻው በጋፋት መንገድ ብቻውን ጭጋግ ለጭጋግ ሲንከራተት የሚያብሰለስለው ስም ነበር። የሳጥኗ አዛዥ፣ ከርነሉ፣ የራሱ የሜሞሪ አድራሻ አለው፤ ፕሮግራሞች ደግሞ ከውጭ ሌላ አድራሻ ያቀብሉታል። የፊተኛውን «የጓዳ»፣ የኋለኛውን «የደጅ» ብሎ ሰየማቸው። እንዳይምታቱም ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች አደረጋቸው፤ የደጅ አድራሻ «በረኛ» ባሉት መርማሪ ኮድ ሳይፈተሽ ጓዳ አይዘልቅም።

ሙባረክ ግን ሳጥኗን ለአባቱ ለማድረስ ሲጣደፍ፣ አንዱን የደጅ አድራሻ «የጓዳ ነው» ብሎ ሳያስፈትሽ በግድ አሳለፈው። ይሻው ያን ጊዜውኑ አይቶታል። ሆኖም እትዬ ዘምዘም «አባቱን የሚጠብቅ ወለድኩ!» እያሉ ልጃቸውን ይመርቁ ነበር። በዚያ መሃል «ተሳስተሃል» ይባላል? ይሉኝታ ያዘው። ነገ እነግረዋለሁ አለ፤ ነገ ነገን ወለደ።

የሙባረክ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። ሳጥኗ መጮህ ስትጀምር ፕሮግራሙ ባዶ አድራሻ አቀብሏል፤ ከርነሉም የራሱ መስሎት ሲከፍተው ድርቅ ብሎ ቀርቷል፤ ጩኸቷም የተቋረጠው ለዚህ ነው።

«ይቺ የኔ ናት» አለ።

ከዚያ ወደ ይሻው ዞረ።

«ወንድሜ፣ ‹ጓዳ ከምትል እልፍኝ በል› ስላልኩህ ሳምንት ያኮረፍከኝ ሰውዬ! ይቺን እንዴት ሳታያት ቀረህ?»

«አይቻት ነበር።»

«መቼ?»

«እናትህ ሲመርቁህ።»

ሙባረክ ላፕቶፑን ከደነ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

«ወዴት ነው ልጄ? ሰው እየመጣ!» አሉ እትዬ ዘምዘም ከድንኳኑ።

ሙባረክ ወደ ይሻው ሳይዞር፣ የገዛ ቤቱን በር ክፍቱን ትቶ፣ በለቀስተኞቹ መሃል አልፎ፣ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ወረደ።