የታናሽ የጅራት መብራት

መሰላሉ ላይ ቆማ በአውሮፕላኑ ጅራት ጫፍ ያለውን መብራት ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። ሦስቴ ማየቷ የለወጠው ነገር የለም። ቀይ ሽፋን፣ ከሥሩ በትንሽ ሞተር የሚሽከረከር አምፖል፤ እሷ ከመወለዷ በፊት የተሠራ አሮጌ መብራት።

በብብቷ የያዘችው መዝገብ ግን ሌላ ይላል። «አሮጌው ተሽከርካሪ የግጭት መከላከያ መብራት ተነሥቶ በአዲስ ኤልኢዲ ተተክቷል። ተፈትሿል፤ ይሠራል።» ከሥሩ ቀን፣ ከቀኑ ጎን ማህተም፣ ከማህተሙ በላይ ፊርማ። ፊርማው የራሷ ነው።

የበረራ ትምህርት ቤቱ ሁለት አሮጌ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላኖች አሉት። ቁርጥ መንትያ ናቸው፤ አንዱ በአንድ ዓመት ስለሚቀድም ብቻ፣ በሚያድሩበትና በሚጠገኑበት ሀንጋር ውስጥ ታላቅ እና ታናሽ ይባላሉ። ታላቅ ከስምንት ወር ወዲህ ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ያስተምራል። ታናሽ ያንኑ ስምንት ወር ሞተሩ ወጥቶ ጥጉን ይዞ ከርሞ፣ ሞተሩ የተመለሰለት ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ጠዋት ሲሞከር ሁሉ ነገሩ ደህና ሆነና አንድ ነገር እምቢ አለ፤ የጅራቱ መብራት በበራ ቁጥር ብሬከሩ እየዘለለ መስመሩን ይቆርጣል። «አምፖል፣ ይሄ ያንቺ ነው» ብለው ጠሯት። ኤሌክትሪኩን የምትሠራው እሷ ስለሆነች አምፖል ነው የሚሏት።

ወርዳ ጭንቅላቷን ከመሪው ሥር ከተተች። ብሬከሩ አዲስ ነው። ኤልኢዲው የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ብሬከሩም በትንሽ መቀየር ነበረበት፤ ተቀይሯል፤ የተለጠፈበት ጽሑፍም የእጇ ጽሑፍ ነው። አሮጌው መብራት ሆዳም ነው፤ በዚህች ጠባብ ጉሮሮ ሊጎርስ ሲሞክር ይታነቃል። የብልሽቱ ምክንያት ይኼው፣ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው እሷ ራሷ ናት። ከታች ቀይራ ከላይ ሳትቀይር ፈረመች ማለት ነው?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማስታወሷ ነው። አዲሱን መብራት ከካርቶኑ ስታወጣ፣ አንዱ ብሎን አልገባ ብሎ ሲያስቸግራት፣ ልክ እንደ ትናንት።

እናቷንም መርሳቱ የጀመራት እንዲህ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ግራ እጅጌ የሌለው ቀሚስ አጣጥፋ ለደንበኛ አስረከበች። ገጥሜዋለሁ ብላ ማለች፤ የክሩን ቀለም ሳይቀር ተናገረች። እጅጌው ከስፌት መኪናው ሥር ተገኘ።

ለእህቷ ደወለች።

«እማዬን ሲጀምራት ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሃምሳ ሁለት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው ብሎ ነገር የለም። ምን ረሳሽ?»

«የረሳሁት የለም። ችግሩ እሱ ነው።»

«እኔ ዛሬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁት። ነይና አብረን እንታከም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ስልኩን ዘግታ ወደ አለቃዋ ቢሮ ሄደች። አለቃዋን ሀንጋሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ማህተሟን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«ይያዙልኝ፣ እትዬ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ወይም ሠርቻለሁ፤ ግን የለም።»

«ከሁለቱ አንዱን በይ እንጂ።»

«ማለት ብችል መቼ እመጣ ነበር። ይሄ እንዲህ ከሆነ ሌላው ላይ የፈረምኩትስ? ሰው ተሳፍሮበት እየበረረ ያለውስ?»

እትዬ ማህተሙን አዩት፤ አልነኩትም። «እኔ ዘጠኝ ዓመት ያንቺን ማህተም አይቼ ነው የምፈርመው» አሉ። «አንቺ ራስሽን ካላመንሽ እኔ የማንን ልመን?» ከዚያ ተነሡ፤ ማህተሙንም አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። ወደ ታናሽ ሲሄዱ እሷም ተከተለቻቸው።

ከታናሽ ክንፍ ሥር ጋሽ መዶሻ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። የአውሮፕላን ገላ የተጎዳ እንደሆነ ቆርቆሮውን የሚያቃኑት እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ መዶሻ» አሉ እትዬ፣ «የታናሽ መብራት ሲቀየር አይተዋል?»

«እንዴታ። አምፖሌ አይደለች የቀየረችው? ታላቅ ጋ ነው ያለው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«የታናሽ መብራት ታላቅ ጋ ምን ይሠራል?» አለች።

«ክንፉ እዚያ ነዋ።» ዳቦውን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ተነሡና፣ ከጅራቱ ቀጥ ብሎ የቆመውን ክንፍ እንደ በግ ጀርባ መታ መታ አደረጉት። «ይሄ የታላቅ ነው፤ የሀንጋሩ በር የጨፈለቀው። ቆርቆሮውን የያዙትን እነዚህን ሪቬቶች እዪአቸው፣ የኔ ልጆች ናቸው። ያኔ ታላቅ ለሥራ ተፈለገ። ታናሽ ሞተር የለው፣ ተኝቷል። የታናሽን ነቅለን ለታላቅ ገጠምን፤ የታላቅን አቃንቼ ለታናሽ። ቀለማቸው አንድ፣ ልካቸው አንድ። መብራቱም ከነጫፉ አብሮ ሄደ።»

«እና አልጻፉትም?»

«በቆርቆሮው መዝገብ ተጽፏል፣ ከነቁጥሩ። የመብራት መዝገብ የኔ አይደለም። ለሱ ለባለቤቱ ደወልኩ።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ። ‹እሺ፣ እሺ ጋሽ፣ ገብቶኛል› አልሽኝ።»

የቀለላት ነገር መልሶ ተጫናት። እንዲህ ያለ ስልክ አታስታውስም። መብራቱን አልረሳችም፤ ይኼንን ግን ረስታለች። ከአንዱ ጉድጓድ ወጥታ እሌላው።

«የት ሆኜ ነው ያናገርኩዎት?»

«እኔ በምን አውቄ። ከኋላሽ ተራ ቁጥር ይጠሩ ነበር። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት።»

ያኔ መጣላት። የሆስፒታሉ ኮሪደር። እናቷ ጫማዋን አውልቃ አላደርግም ብላለች። እሷ ተንበርክካ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ቀርቅራ፣ የእናቷን እግር ጫማ ውስጥ ልታስገባ ትታገላለች። እናቷ ከላይ «ቤታችን እንሂድ» ትላለች፤ በስልኩ አንድ ሰው ስለ ጅራት ያወራል። እሷ ለሁለቱም እሺ፣ እሺ ትላለች።

«አልረሳሁትም» አለች። «መጀመሪያውኑ አልሰማሁትም።»

«የቱ ይሻላል?» አሉ እትዬ።

«እንጃ። ለኔ ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም። ለታላቅ ግን አይመስለኝም። አዲሱን መብራት በአሮጌው ትልቅ ብሬከር ይዞ ስምንት ወር በርሯል፤ ቀጭኑ ሽቦው ቢግል በጊዜ የሚዘልለት የለም።»

እትዬ ለቅርንጫፉ ደውለው ታላቅ እስኪታይ ድረስ እንዳይነሣ ተናገሩ። ነገ ሄዳ ታየዋለች። ከዚያ ማህተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት። ወዲያው አልተቀበለቻቸውም። የአውሮፕላኑን አግዳሚ ጅራት እንደ ጠረጴዛ አድርጋ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች፤ ብዕሯን አወጣች።

«ጋሽ መዶሻ፣ ያን ቀን በስልክ የነገሩኝን ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ቀስ እያሉ።»

ጋሽ መዶሻ የዳቦውን ፍርፋሪ ከጢማቸው አራገፉ። «‹ሃሎ› ከሚለው ልጀምር?»

«ከሱ ይጀምሩ» አለችና መጻፍ ጀመረች።