የሸንጎው ቤት ግድግዳ

ጀዕፈር የአሶሳን የሸንጎ ቤት ሲሠራ ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ጦርነት በላቸው። የመጀመሪያውን በጎልማሳነቱ ከወንድሞቹ ጋር ሠራው፤ ሁለተኛውን ከልጆቹ ጋር። አሁን ወንድሞቹ አፈር ሆነዋል፣ ልጆቹም በየአገሩ ተበትነዋል። የቀሩት የሚያሙት ሁለት ጉልበቶችና ግራዝማች ገላው ያዘዙለት፣ ቀርከሃ መሰንጠቅ የማያውቁ ጥቂት ወታደሮች ናቸው።

ግራዝማች ገላው ከደጋ የመጡ ሹም ናቸው። አገሩ ከተያዘ ወዲህ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይዳኛሉ። ቆላው አልተስማማቸውም፤ ንዳድ እየጣለ ያነሳቸዋል።

"ዙሪያውን ግድግዳ ይኑረው" አሉት ሥራው ሲጀመር። "አንድ በር ይበቃል። በሩ ላይ ዘበኛ ይቆማል።"

የድሮው ቤት ግድግዳ አልነበረውም። ክብ የሣር ጣራ ነው፣ ከሥሩ ምሰሶ ብቻ። ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጠው ሲፈርዱ ገበያ የሚሄደውም፣ ውኃ የተሸከመችውም ቆም ብለው ይሰሙ ነበር። ጀዕፈር ይህን ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በአማርኛ ቃል መፈለጉ ራሱ ያደክመዋል፤ ክርክሩማ አይነሳ። "እሺ ጌታዬ" ብሎ ጭቃ ማስቦካት ጀመረ።

ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳው ቆመ። በመጀመሪያው የችሎት ቀን ጀዕፈር ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። የዕለቱ ጉዳይ የዓዲላ የማሽላ እርሻ ነበር። ዓዲላ ባሏ ሞቶባታል፤ የባሏ ወንድም ባቢከር ደግሞ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሷታል። ዘበኛው ባቢከርን አስገባና እሷን በእጁ ከለከላት።

"ሴት አትገባም። የሚናገርልሽ ሰው ላኪ።"

የሚናገርላት ሰው አልነበራትም። ግድግዳውን ዞረች፣ በመጨረሻም ጆሮዋን ካልደረቀው ጭቃ ላይ ለጥፋ ቆመች። ከውስጥ የሚወጣው ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ባቢከር ሲወጣ ግን ፊቱን አይታ እንደ ፈረዱለት አወቀች።

"ምን ተባለ፣ ዓሚ?" አለችው ጀዕፈርን በበርታ ቋንቋ። እንደ አባቷ ወንድም ስለምታየው ነው ዓሚ የምትለው። ግማሽ ፊቷ ጭቃ ነክቶታል።

"አልሰማሁም።"

"ባሌ ታሞ ሲተኛ ሦስት ክረምት ያረስኩት እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ? ይህን ጭቃ የለጠፍከውም አንተ ነህ።"

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ዞራ ሄደች።

ጀዕፈር ቤቱ ሄዶ መጋደም አማረው። ተነሣ፤ እግሩ ግን ወደ ሸንጎው ቤት ወሰደው። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። ግራዝማች ብቻቸውን ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።

"ጌታዬ፣ ግድግዳ ይፍረስ" አለ ጀዕፈር። "ቀርከሃ አየር የለም፣ ነቀዝ ይበላል። እስከ ደረት ይበቃል።"

ግራዝማች ቀና ብለው አዩት። "እኔም የቤት ሠሪ ልጅ ነኝ። በነቀዝ አታታልለኝ፤ እውነቱን ተናገር።"

ጀዕፈር ቃሉን ለቃቀመ። "ዓዲላ ውጭ ቆመ። እርሻ የራሱ ነው፤ አልሰማም፣ አልተናገረም። ድሮ ሁሉ ሰው ይሰማል። እኔ ደከመኝ፣ ዝም ብዬ ዘጋሁ።"

"ሴትዮዋ መጥታ ነበር?"

"ግድግዳ ሥር ነበር። ዘበኛ ከለከለ።"

ግራዝማች ላባቸውን በጋቢው ጫፍ ጠረጉ። "ባቢከር አልመጣችም፣ መሬቱንም ትታዋለች ብሎ ነው የነገረን። አፍርሰው። ጉዳዩን በሚቀጥለው ችሎት እንደገና እናየዋለን። ሰው ግን አልሰጥህም፤ ወታደሮቼ እንደኔው ታመዋል።"

ጀዕፈር በገዛ እጁ የለጠፈውን በገዛ እጁ ይንደው ጀመር። በቀን ከአንድ ክንድ በላይ አይገፋም። በሦስተኛው ቀን ዓዲላ ቅርጫት ይዛ መጣችና የፈረሰውን ጭቃ እያፈሰች ሜዳ ላይ ትደፋ ጀመር። ሰላም አልተባባሉም። ሲመሽ ግን የተረፈውን ውኃ ከቅሏ አቀበለችው።

በችሎቱ ቀን ዘበኛው አሁንም ከበሩ አልተነቃነቀም። ዓዲላ እስከ ደረቷ ዝቅ ባለው ግድግዳ ላይ ክርኖቿን አስደግፋ የባቢከርን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማች። ተራዋ ሲደርስ እዚያው ቆማ ተናገረች። ስታርስ ያዩዋት ጎረቤቶችም ከደጅ ሆነው መሰከሩላት። ሽማግሌዎቹ መሬቱን ለሁለት ከፈሉት፤ ወንዝ ዳር ያለው ለሙ ለባቢከር፣ ድንጋያማው ለእሷ። ባቢከርን ስለ ውሸቱ የተናገረው አልነበረም።

"ይኸው ነው?" አለችው ጀዕፈርን ስትሄድ።

"ይኸው ነው።"

በዚያው ሳምንት ዶፍ ዘነበ። ነፋሱ ዝናቡን በክፍቱ በኩል እያስገባ የዳኞቹን መቀመጫ አበሰበሰው፤ ግራዝማችም ጣራው ወደ ውጭ ይርዘም ብለው ላኩበት። ጀዕፈር ሰማዩን አየ፣ የቀርከሃውን ክምር አየ፤ ከዚያ ማጭዱን ይዞ ሣር ሊያጭድ ወረደ።