ከብርኩማው ወዲያ ያለችው ጨርቅ

ጋሽ ታጁዲን ማንዶሊናቸውን ከቀረጻው በፊት ለአንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ተዉልኝ። ያረጁ ክሮቿን አውልቄ አዲስ አደረግሁባት፤ የሃያ ዓመት አቧራዋንም ጠረግሁ። ሰባት ዓመት ስዊድን ድምፅ ቀረጻ ተምሬ ስመለስ ለሰፈሬ ሰው የሠራሁት የመጀመሪያው ቁም ነገር መሰለኝ።

ሰኞ ቀኝ እጃቸው ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የክር መምቻ መያዝ ስለ መቻላቸው ምንም ቃል አልገባም። ዕድሜ ልካቸውን ሲጫወቱ ደግሞ አንድም ቀን ተቀርጸው አያውቁም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ የካዛንቺሱ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ከገቡበት ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጀሚላ ጋር ቂርቆስ ስቱዲዮዬ መጡ። ስቱዲዮ ማለቴ፣ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ የሰቀልኩባት አንዲት ክፍል።

አምባሰሉን ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱት። ጣታቸው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ግን መምቻው ባረፈ ቁጥር ማንም ያልመታው ቀጭን ድምፅ ከኋላ ይቀጥላል።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ እንድገመው።"

ከክሮቹ ሥር ስፖንጅ ሸጎጥኩ፤ መሃል ላይ ወደቀ። ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ለቀቀ። ከሦስተኛው በኋላ እጃቸውን በጉልበታቸው መሃል ከተው ያሹ ጀመር።

"ትንኝ ገባባት እንዴ?" እትዬ ጀሚላ ተነሥተው ማንዶሊኗን አገላበጧት። "ጨርቋስ?"

"የቷ ጨርቅ?"

"ክሮቹን ከተሸከመው ከብርኩማው ወዲያ፣ መሃላቸው የጠለፍኳት ናታ! ክሩ በዚያ በኩልም ይጮሃል፤ አፉን የምትይዘው እሷ ናት።"

ትዝ አለኝ። ጥቁር፣ የተጨማደደች ቁራጭ።

"ቆሻሻ መስላኝ... ጣልኳት።"

"አንተ ሳላሀዲን! ሰባት ዓመት ሙሉ ያስተማሩህ መጥረግ ነው? እሱንማ እኛው እናስተምርህ ነበር።"

ጋሽ ታጁዲን ሳቁ። እትዬ ጀሚላ ከሻሻቸው ጫፍ ቀደዱና፣ ክሮቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ጠለፉት። ክሩን አንዴ መታሁት። ሳቆመው ድምፁም አብሮ ቆመ።

አራተኛውን ጀመሩ። ንጹሕ ነበር። ግማሽ ላይ መምቻው ከጣታቸው ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ደግሞ ወደቀ።

"በቃ" አሉ። "እስቲ የመጀመሪያውን አሰማኝ።"

ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ይኼ ይሁን።"

"ትንኟ አለችበት እኮ!" አሉ እትዬ ጀሚላ።

"ትኑር። እጄም ያለው እዚያው ነው።"

ታክሲ አሳፍሬያቸው ተመለስኩ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ነጥሎ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለኝ። ከፈትኩት፤ ከምን እንደምጀምር ግን አላወቅሁም። ስለደከመኝ ይሁን አብሬ ሌላ ነገር እንዳላጠፋ ስለፈራሁ እንጃ፣ ምንም ሳልነካ ዘጋሁት።