ሁለታችንም ያላየናቸው

ባሌን ቡራሌን እሑድ ትኩሳት ያዘው፤ ማክሰኞ ቀበርነው። በማግስቱ ረቡዕ የቆጠራ ቀን ነበር፤ ቀረሁ። የሚቀጥለው ረቡዕ ግን ሱብሂ ሰግጄ ቦርሳዬን አነሣሁ።

የባሌ እኅት ኻድራ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ዒዳ ላይ ያለች ሴት ዝንጀሮ ልትቆጥር ትወጣለች? አቦ፣ ሰው ምን ይላል!»

«ሼኹን ጠይቄያለሁ። ለሥራ በቀን መውጣት ይቻላል ብለውኛል።»

«ለሥራ አሉሽ እንጂ ለዝንጀሮ አሉሽ?»

ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷን ጠብቃ ትቀመጣለች። እኔም ተቀምጫለሁ፤ ከረቡዕ ጠዋት በቀር።

ሥራውን ያመጣው ቡራሌ ነው። አይሱዙ ሲነዳ ሳቢሪን የምትባል የድሬ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ወደ ጀልዴሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ምንጭ ያመላልሳት ነበር። ጉልበቱ መሪና ፍሬን አልችል ሲለው ሥራ ሰጠችው፤ ከእሱ ጋር እኔንም። በሳምንት አንድ ቀን ምንጩን ሊጠጡ የሚመጡትን የዱር እንስሳት እንቆጥራለን፤ ከውሃውም አንድ ጠርሙስ እንቀዳለን። «ውሃ ሲበላሽ ከሰው ቀድሞ እንስሳ ያውቃል፤ ጥሎ ይሄዳል» ትል ነበር ሳቢሪን።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ሁለት ድንጋይ አለ፤ በመካከሉ አንድ ግራር። እኔ በአንዱ፣ እሱ በሌላው እንቀመጣለን። መነጋገር አይፈቀድም። እያንዳንዳችን በየወረቀታችን ሰዓቱን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ ብዛቱንና የመጣበትን አቅጣጫ እንጽፋለን። ለምን ሁለት ሰው አስፈለገ ብዬ ስጠይቃት ሳቢሪን እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ካየሽው ውስጥ እሱ ያላየው ይኖራል። እሱ ካየው ውስጥም አንቺ ያላየሽው ይኖራል። እንግዲያው ሁለታችሁም ያላያችሁት አለ ማለት ነው። እሱን በስሌት አገኘዋለሁ።»

ቡራሌ ሳቀ። «ዐርባ ዓመት መኪና ስነዳ ባላየሁት ነበር ትራፊክ የሚቀጣኝ። አሁን ደግሞ ያላየሁትን ይቆጥሩልኛል!»

ወደ ቤት ስንመለስ ወረቀታችንን እያስተያየ ያበሽቀኝ ነበር። «አንቺ እንደ ቀፊራ ገበያ ሴቶች ምራቂ ትጨምሪበታለሽ» ይለኛል። እኔም «አንተ ደግሞ እያንቀላፋህ ታጎድላለህ» እለዋለሁ።

ያን ረቡዕ ብቻዬን ደረስኩ። ከድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ቦርሳዬን ስከፍት እንደ ልማዴ ሁለት ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። የእሱን ወረቀት በእሱ ድንጋይ ላይ አኑሬ ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጫንኩበት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከግራሩ ማዶ ሳል ሰማሁ። የእሱ ሳል ነው። ከዚያ «አምስት ከርከሮ፣ ከምሥራቅ በኩል» አለ።

እኔ ከርከሮ አላየሁም። ግን ደንቡ እንደዚያው አይደል? እኔ ያላየሁትን እሱ ያያል። ተነሥቼ ሄድኩና በወረቀቱ ላይ ጻፍኩለት። በእሱ ፊርማ ፈረምኩለት።

ዋሸሽ የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ስጽፍ ውሸት ነው ብዬ አልጻፍኩም።

ሳቢሪን ያን ጊዜ ለትምህርት ውጭ አገር ነበረች። ወረቀቶቹን በስልኬ ፎቶ እያነሣሁ እልክላታለሁ፤ ጠርሙሶቹን ለላብራቶሪው አስረክባለሁ። «ቡራሌ ዐይኑ ተሻሽሏል! ሰላም በይልኝ» ብላ ትጽፍልኛለች። «አደርሳለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። መሞቱን ልጽፍላት ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥቻለሁ። ከጻፍኩ ግን ወረቀቱ አንድ ይሆናል፤ እሱም ግራሩ ሥር የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም።

ሳምንታት አለፉ። የእኔ ቁጥር ሠላሳ ከነበረበት ወደ ሃያ ወረደ፤ ከዚያ ዘጠኝ፤ ከዚያ ሦስት። የእሱ ግን አልወረደም፤ ከዐርባ ፈቀቅ አላለም። ዝንጀሮዎቹ የሚያድሩበት ገደል ዝም አለ። በውሃው ዳር ያሉት ድንጋዮች ነጭ ቅርፊት አወጡ። የእንቁራሪት ድምፅ ጠፋ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ቡራሌ ብቻ ይቆጥራል፦ ስድስት ከርከሮ፣ ዐሥራ ሁለት ዝንጀሮ፣ ሁለት ሚዳቋ። አንዳንዴ ምልክታቸውን ሲነግረኝ ሁለቱን ሚዳቋዎች አውቃቸው ነበር፤ አንደኛዋ ጆሮዋ የተቀደደ፣ አምና አብረን ያየናት። ጅብ እንደበላት በሕይወቱ ሳለ ራሱ ቡራሌ ነው የነገረኝ።

ዒዳዬ ባለቀ ሳምንት ሳቢሪን መጣች። ረቡዕ ጠዋት ቆጠራዬን ስጨርስ መኪናዋ ምንጩ አጠገብ ቆመ።

«ዛምዛሜ! ቡራሌስ?»

«ትንሽ አሞት ነው» አልኩ።

ወረቀቶቹን ሁሉ ተቀብላኝ መኪናው ላይ ዘረጋች። የላብራቶሪው ኬሚካል ስላለቀ ጠርሙሶቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወረፋ ይጠብቃሉ አለችኝ። ከዚህ ምንጭ፣ ውሃ እየቀዳች የምትወስደው ሂቦ እስከምትኖርበት መንደር ድረስ ቱቦ ሊዘረጋ ታስቧል፤ ለዚህም የእሷ አስተያየት በዚሁ ሳምንት ይፈለጋል።

«በአንቺ ቁጥር ብቻ ቢሆን አልፈርምም ነበር» አለች። «ግን እሱ ዐርባ አይቷል። እንስሳቱ ከአንቺ ዐይን ተሰወሩ እንጂ አልሄዱም። በስሌቱ ሁለታችሁም ያላያችኋቸው ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው።»

ከመቶ በላይ። ወደ ባዶው ዳገት አየሁ። ፀሐዩ ከረር ብሎበታል።

ያን ጊዜ ሂቦ አህያዋን እየነዳች ደረሰች። ዘወትር ቆጠራችን ካለቀ በኋላ ነው የምትመጣው። አራስ ልጇን አዝላለች።

«ቱቦው መጣ?» አለች።

«ሊመጣ ነው። ውሃው ደህና ይመስላል፤ እንስሳቱ አሉ» አለቻት ሳቢሪን።

«የት አሉ? ወላሂ እኔ ከረመዳን ወዲህ አንድ ከርከሮ አላየሁም። ማን ነው ያያቸው?»

«ቡራሌ።»

ሂቦ ፊቷ ፈታ አለ። «እንግዲያው ደህና። ያ ሽማግሌ ለቀልድ እንጂ ለቁም ነገር አይዋሽም። ጡቴ አልበቃት ብሎ የዱቄት ወተት ገዝቼላት፣ በዚህ ውሃ ልበጥብጥ አልበጥብጥ ስል ነበር።» ጎንበስ ብላ የልጇን ጡጦ ወደ ውሃው ዘረጋች።

ከግራሩ ማዶ ሳሉን ሰማሁ። ዝም በይ እንደማለት መሰለኝ። ወይም ተናገሪ እንደማለት፤ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሂቦ፣ አትቅጂ። ቡራሌ ሞቷል።»

እጇ ውሃው ላይ ቀረ። «ኢናሊላሂ! መቼ?»

«አራት ወር አልፎታል።»

ሳቢሪን የመጨረሻውን ወረቀት አነሣች። ቀኑ የዛሬ ነው።

«ታዲያ ይህን ማን አየው?»

«እሱ ነው የነገረኝ» አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። የተቆጣችው ሂቦ ናት። «አራት ወር ሙሉ ይህን ስጠጣ እያየሽ? አባዮ፣ እኅቴ ያልኩሽ አንቺ?» አለችና ጀሪካኖቿን ባዶአቸውን አህያዋ ላይ መልሳ ጫነች። ሌላው ጉድጓድ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስትሄድ ዞር ብላ አላየችኝም።

«ወረቀቶቹን ልቅደዳቸው?» አልኳት ሳቢሪንን።

«አይቀደድም፤ አይፋቅምም። አንድ መስመር ብቻ ታሰምሪበታለሽ፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር እንዲነበብ አድርገሽ። ከጎኑ ስምሽንና የዛሬን ቀን ትጽፊያለሽ።»

ዐሥራ ዘጠኝ ወረቀት ነበር። በየአንዳንዱ ከርከሮ፣ በየአንዳንዱ ዝንጀሮ ላይ መስመር ሳብኩ። ማክሰኞ ስንቀብረው አፈሩን የመለሱት ወንዶቹ ነበሩ፤ በወረቀቶቹ ላይ ግን የመለስኩት እኔ ነኝ። ሳቢሪን ቱቦው እንዳይዘረጋ፣ ለሕፃናትም ከምንጩ እንዳይቀዳ እዚያው መኪናዋ ላይ ጻፈች።

በሚቀጥለው ረቡዕ እሷ ራሷ በቡራሌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ደንቡን ጠብቀን አልተነጋገርንም። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንድም ነገር ወደ ውሃው አልወረደም።

«ዐሥራ ሁለት ዝንጀሮ፣ ከላይ በኩል» አለ ቡራሌ። ቀጥሎም «ጻፊ እንጂ!» አለኝ፤ በዚያ በሚያበሽቀኝ ድምፁ።

ወረቀቴ ላይ ዜሮ ጻፍኩ። በግራሩ ቅርንጫፎች መካከል የሳቢሪን እጅ ይታየኛል፤ እሷም ዜሮ ጽፋለች።

እሱ ግን አላቆመም። ከርከሮዎቹን ቆጠረ፤ ሚዳቋዎቹን ቆጠረ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ውሃው ወረድኩ።