ሴቷ ፌንጣ ስትመርጥ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፌንጣ ቀልቤአለሁ። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ በሥራዬ አፍሬ አላውቅም። በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት ያለው ሞቃት ክፍል የእኔ ግዛት ነው፤ ስምንት መቶ ጥቁር ፌንጣ፣ ሁለት ማሞቂያ፣ አንድ ባልዲ ጎመን። ሙቀቱን የምለካው በቴርሞሜትር ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ክፍሉ ሲሞቅ ወንዶቹ ክንፋቸውን እያፋጩ በጥድፊያ ይዘፍናሉ፤ ማሞቂያው ከጠፋ ዘፈናቸው ይጎተታል። በሩን ሳልከፍት አውቃለሁ።

የእህቴ ልጅ ለዶክትሬቷ የምታጠናው እነዚህኑ ፌንጣዎች ነው። ሐሳቧ ቀላል ነው። ወንዱ የሚዘፍነው ሴት ለመጥራት ነው፤ መዝፈን ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ሳያርፍ ረጅም የሚዘፍነው ጠንካራው ነው፣ ሴቷም እሱን ትመርጣለች ትላለች። የወንዶቹን ድምፅ በእኔ ክፍል ቀረጸች። ከዚያ በአንድ ረጅምና ጠባብ የእንጨት ገንዳ ጫፍና ጫፍ ስፒከር አቆመች፤ ከአንዱ ረጅሙ፣ ከሌላው አጭሩ ዘፈን ይወጣል። ሴቷ መሐል ትለቀቅና ወደ ወደደችው ትሄዳለች።

አልሄደችም። ፈተናው የጥናቷ ኃላፊ ወደሆነው ፕሮፌሰር ላቦራቶሪ ከተዛወረ ጀምሮ ሴቶቹ ሁሉ መሐል ላይ እንደ ጅብራ ተገትረው ይቀራሉ። ፕሮፌሰሩን ከጀርባው "ሞቀኝ" ነው የምንለው፤ ክረምት ከበጋ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርጎ "ሞቀኝ" እያለ ኤሲውን ያስጮኸዋል። "ሴት ፌንጣ አትመርጥም፤ ያገኘችውን ነው የምትወስደው" ብሎ ደመደመ። ሐሙስ ሦስት ገምጋሚዎች መጥተው እንዲያዩ፣ ካልተሳካም ጥናቱ እንዲዘጋ ተወሰነ። የልጅቷን የሦስት ዓመት ልፋት ውሃ ሊበላው ነው!

ሐሙስ ጠዋት ሴቶቹን በንዴት እየተጣደፍኩ ሳጥን ውስጥ አድርጌ አመጣሁ። አምስቱ ተለቀቁ፤ አምስቱም ቆመው ቀሩ። ገምጋሚዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። የእህቴ ልጅ ከንፈሯ ደርቋል። ያን ጊዜ ከሳጥኑ ውስጥ ዘፈን ተሰማ። ለካ አንድ ወንድ ተቀላቅሎብኝ ኖሯል።

"ይሄን እንኳ መለየት ያቅትሻል?" ሞቀኝ አፈጠጠብኝ። "ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?"

ልመልስለት ስል ጆሮዬ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ወንዱ እየተጎተተ ነው የሚዘፍነው፤ ስፒከሩ ግን ይጣደፋል። እዚያ ክፍል ወንድ ፌንጣ ገብቶ ስለማያውቅ ልዩነቱን የሰማ ሰው አልነበረም።

"አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?" አለች የእህቴ ልጅ።

"ድምፁን የቀረጽሽው በሙቀት፣ የምታሰሚያት በብርድ! የበረዳት ሴት የምትጠብቀው የበረደውን ወንድ ዘፈን ነው። ይሄ የሚጣደፈው ለእሷ ምኗም አይደለም።"

"ወይኔ! እንዴት አላሰብኩትም?" ብላ ራሷን ያዘች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ኤሲውን አጠፋሁት። ማሞቂያዎቼንም ከታች አምጥቼ ሰካሁ።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለ ሞቀኝ።

"ማንም። አንድ ሰዓት ይስጡኝ፤ ካልሆነ እኔንም ያባርሩኝ።"

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ ሸምገል ያሉ ሴትዮ፣ "እንጠብቃለን" አሉ።

ክፍሉ እየሞቀ ሄደ። ሞቀኝ መጀመሪያ ኮቱን፣ ቀጥሎ ከረባቱን አወለቀ። በሳጥኑ ያለው ወንድ ከስፒከሩ እኩል ሲጣደፍ ስሰማ እሱን ከክፍሉ አስወጣሁና "አሁን ልቀቂያት!" አልኩ።

ስድስተኛዋ ሴት አንቴናዋን አወዛወዘች። ትንሽ ተራመደችና ቆመች። ከዚያ ግራ ቀኝ ሳትል፣ ቀጥ ብላ ወደ ረጅሙ ዘፈን ሄዳ ስፒከሩ ላይ ወጣች። የእህቴ ልጅ እልል አለች። ሰባተኛዋም፣ ስምንተኛዋም እንዲሁ። ስፒከሮቹን ብናቀያይርም ረጅሙን ተከትለው ሄዱ። ቀድሞ ቆመው የቀሩትን አምስቱንም ጨምሮ ከአሥራ ሁለት ሴቶች አሥራ አንዱ! አንዷ ብቻ አጭሩን መረጠች፤ አልፈርድባትም፣ እህቴም ስታገባ እንዲሁ ነው ያደረገችው።

ሰብሳቢዋ "ጥናቱ ይቀጥላል" ብለው ፈረሙ። የእህቴ ልጅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም በደስታ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ግን ወረቀታቸውን አልሰበሰቡም። አዲስ ገጽ ገለጡና ወደ እኔ ዞረው፣ "ሌላስ ምን አስተውለዋል?" አሉኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሞቀኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ለቀቀልኝ። ተቀምጬ ነገርኳቸው።