የቁም ሳጥኑ የታች ጫፍ

ዋርሳዬ ቡአውን ኦፕራሲዮን በሆነ ማግስት ደጃፋችን ላይ ቆሞ ሲስቅ ሳየው አላመንኩትም። ባሌ የዛሬ ዓመት ይህንኑ ኦፕራሲዮን ሲሆን አይቻለኋ። ከወገቡ በታች አደንዝዘው ብሽሽቱን በሰያፍ ቀደዱት፤ ስንት ቀን ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ እንደ እንቁላል ይዤው ከርሜያለሁ። ይኼ ግን ደረጃችንን በእግሩ ወጣ።

"እስቲ አሳየኝ" አልኩት።

ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። እምብርቱ አጠገብ አንድ፣ ዝቅ ብሎ ሁለት ትንንሽ ፕላስተሮች።

"ቡአህ የነበረው ብሽሽትህ ላይ። ሐኪሙ መንገድ ጠፋው እንዴ?"

"በካሜራ ነው እትዬ። ሙሉ በሙሉ በማደንዘዣ ያስተኛሉ፤ ከላይ ገብተው ቡአው የወጣበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን መረብ ከውስጥ በኩል ያነጥፉታል። የወንድሜን ከፊት ገብተው ነው ያደረጉለት። መረቡ ያው መረብ ነው።"

"ቡአ እንዳለህስ በምን አወቀ?"

"እጁን ብሽሽቴ ላይ አድርጎ 'አስል' አለኝ። ሳስል ቡአው እጁን ገፋው። ይኼ ይዋሻል?"

ባሌ ከሶፋው ላይ "ወንድ ልጅ ተቀዶ ይሰፋል እንጂ እንደ ወንፊት ይበሳሳል?" ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይቺ እጅ ሰሞኑን ኪስ አብዝታለች። ስልክ የሚደብቀኝ መስሎኝ ሲተኛ ኪሱን ፈትሻለሁ፤ ምንም የለም።

የዋርሳዬ ነገር ግን ከነከነኝ። ሁለቱ የቤት ዕቃ አጓጓዦች ናቸው። ደረጃ ላይ ክብደቱ የሚያርፈው የታቹን ጫፍ በያዘው ላይ ነው፤ ያም ባሌ ነው፣ ለማንም አይለቅም። ይኼ ልጅ በፕላስተር እያሞኘን ከሥራ ቢሸሽ፣ ባሌ ብቻውን ተሸክሞ እንደገና ሊታመምብኝ ነው። ፈራሁ።

ወር ሳይሞላው ሥራ ገባ ሲባል ምሳ ላደርስ ብዬ ሄድኩ። ቁም ሳጥን በደረጃ እያወጡ ነው። የታቹን ጫፍ የያዘው ዋርሳዬ ነው፤ ባሌ ከላይ ሆኖ ያዛል። አሁንማ ለየለት አልኩ፤ ድሮም አልታመመም።

ለብቻው መኪናው ጋ ያዝኩት።

"በዚህ ጊዜ ማን ተሸከም አለህ?"

"ሐኪሙ ፈቅዶልኛል።"

"የታቹንስ ማን ሰጠህ?"

ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። "ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቄው ነበር" አለ ሳያየኝ። "ተቀዶ የተሠራ ቡአ ከተመለሰ በካሜራው መንገድ ይሻላል አለኝ። በተቀደደው ላይ ደግሞ ከመቅደድ።"

"የማን ቡአ ተመለሰ?"

"ባልሽን ጠይቂው እትዬ። እኔ ብነግረው አልሰማኝም። በሳቀበት ነገር ሊታከም ያፍራል።"

ማታ ባሌ ቴሌቪዥን ያያል፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ስንት ቀን የሰው ሆድ ስመረምር፣ የራሴን ሰው ሳላይ ኖሬያለሁ። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እጁን ከኪሱ አውጥቼ የራሴን እጅ ብሽሽቱ ላይ አደረግሁ።

"አስል" አልኩት።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"አስል።"

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። ትንፋሹን ዋጠ እንጂ አላሳለም።