የማዕድ ቤቱ የጓሮ በር

ቤቴል ከሺንሺቾ መውጫ ላይ ባለው የግል ዩኒቨርሲቲ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያ ሆና የተቀጠረች ሰሞን፣ ሥራዋ ምን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥበቃዎቹ ሐኪም መስላቸው የራስ ምታት መድኃኒት ይጠይቋታል። መምህራኑ በበኩላቸው ከሩቅ ሲያይዋት "ደብቁ፣ ሕጉ መጣ" እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራቸው ስቃ ታልፍና ሥራዋን ትቀጥላለች። ለብየዳ ወርክሾፑ የዓይን መከላከያ መነጽር አስገዛች። ላብራቶሪው ውስጥ ስማቸው የጠፋ ጠርሙሶች ተለይተው እንዲወገዱ አደረገች። የማዕድ ቤት ሠራተኛዋ ሀሚዳ ማርገዟን በሰማች ጊዜም፣ ከባድ ድስት ማንሳቱን ትታ አትክልት መክተፍ ላይ እንድትመደብ አስደረገች። ሀሚዳ ስታመሰግናት "ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለቻት።

አንድ ነገር ብቻ አልሆንልሽ አላት። እሱም የተማሪዎች ማዕድ ቤት የጓሮ በር ነበር።

ማዕድ ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም ክፍል ነው። በአንዱ ጫፍ ወደ መመገቢያ አዳራሹ የሚያወጣ በር አለ፤ የጋዝ ምድጃዎቹ የተደረደሩት እዚያው በር አጠገብ ነው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለ። ዘይቱና ዱቄቱ የሚቀመጡት በዚህኛው በኩል ስለነበር፣ የጓሮው በር ከጠዋት እስከ ማታ በጓጉንቸር ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉ ያለው የማዕድ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አበራሽ እጅ ነው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ይውላሉ።

ወይዘሮ አበራሽ ሺንሺቾ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው ከሰሜን በመምህርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ቁጡ ግን ቅን ሴት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ በር በኩል ዘይት ተሰርቆ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው ነበር። ነጻ ናቸው ቢባሉም፣ በልጅነታቸው አብረዋቸው የተማሩ ሰዎች ፊት እንደ ሌባ መቆማቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል።

"እትዬ፣ ሠራተኛ ውስጥ እያለ ይሄ በር መቆለፍ የለበትም" አለቻቸው ቤቴል አንድ ቀን። "አሠሪ ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አዋጁ ላይ አለ።"

"ግዴታው የማን ነው አልሽኝ?"

"የአሠሪው።"

"እኔ አሠሪ ነኝ?"

"አይደሉም።"

"እንግዲያው ሂጂና ለአሠሪው ንገሪው። ዘይት ሲጠፋ ተነሺ ቁሚ የምትባለው አበራሽ ናት፤ አዋጁ አይደለም።"

ቤቴል ወደ አስተዳደር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወደ አቶ ዘርአብሩክ ብትሄድም የተሻለ ነገር አልገጠማትም። አቶ ዘርአብሩክ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሁልጊዜ ይቸኩላሉ።

"የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው ከዱራሜ ሲመጣ እናስከፍተዋለን" አሏት ወረቀት እየፈረሙ። "ሲሄድ ደግሞ እንቆልፈዋለን። ምን ችግር አለው?"

"እሳት ከዱራሜ ደውሎ አይመጣም አቶ ዘርአብሩክ።"

ቀና ብለው አዩዋት፣ ፈገግ አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ቤቴል ያን ሳምንት ስታስብበት ሰነበተች። አዋጁን ደጋግማ ብታነብላቸው ሴትየዋ እንደማይሰሟት ገብቷታል። በመጨረሻ የአደጋ ጊዜ ልምምድ እንዲደረግ አስፈቀደችና፣ ምሳ ተበልቶ ዕቃ ከታጠበ በኋላ ማዕድ ቤት ገብታ ምድጃዎቹ ፊት ወንበር አቆመች። ወንበሩ ላይ ቀይ ሻርፗን ጣል አደረገችበት።

"እሳቱ ይሄ ነው። በዚህ በኩል ማለፍ የለም። ፊሽካ ስነፋ ሁላችሁም ትወጣላችሁ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ፊሽካው ሲነፋም እየሳቁ፣ እየተጓተቱ፣ አንዷ የሌላዋን ሽርጥ እየያዘች ወደ ጓሮው በር ሮጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተቆልፏል። ከኋላ ያሉት ሳያውቁ ይገፋሉ፣ ወይዘሮ አበራሽ መሃል ሆነው የነጠላቸውን ቋጠሮ ለመፍታት ይታገላሉ። ቋጠሮው ጠብቋል። "ቆዩ እንጂ! እጄን አትግፉ!" ይላሉ። ሀሚዳ ፊት ደርሳ ስለነበር በሩ ላይ ተለጥፋለች። መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ትስቅ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "ኧረ በአላህ፣ አትግፉኝ!" ብላ ጮኸች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸት አሉላት። ወይዘሮ አበራሽ በስተመጨረሻ ቁልፉን አውጥተው በሩን ከፈቱ፣ ማንንም ሳያዩ ወጥተው ጓሮ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቤቴል ሻርፗን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አበራሽ ቤቴል ቢሮ መጡ። ቢሮ ይባል እንጂ የሰው ሀብት ክፍል ጥግ ላይ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ናት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ውሰጂው። ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ ልጄ። ዘይቱን ከእኔ ቤት አስወጪልኝ። በሩ ተከፍቶ ዘይቱ እዚያው ከቆየ እኔ እንቅልፍ የለኝም።"

ቤቴል እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን በዚህ በኩል አይታው አታውቅም ነበር። በሩን የዘጋው የሴትየዋ ግትርነት ሳይሆን የደረሰባቸው በደል ነው። ከዚያ በኋላ አቶ ዘርአብሩክን ዕረፍት ነሳቻቸው። በየስብሰባው፣ በየኮሪደሩ፣ አንዴም መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ አስቁማ ለመነቻቸው። ሰለቻቸውና ሬጅስትራሩ አጠገብ የነበረች ባዶ ክፍል ፈቀዱላት። ዘይትና ዱቄቱ ወደዚያ ተዛወረ፣ ኃላፊነቱም ወደ ንብረት ክፍሉ ሄደ። ተቆጣጣሪው ከዱራሜ መጥቶ በሩን ራሱ ከፍቶ ዘግቶ አይቶ ተደስቶ ተመለሰ። ወይዘሮ አበራሽም ያን ሰሞን "የኔ ጠበቃ" እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ደረሰና አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ፤ የሚቀመጡበት ቦታ ታጣ። ቤቴል ለሥልጠና ሆሳዕና በሄደችበት ሳምንት ያቺ ክፍል ለኮምፒውተሮቹ ተሰጠች። ዘይቱም ተመልሶ ማዕድ ቤት ገባ። አመሻሽ ላይ አቶ ዘርአብሩክ ደወሉላት።

"ለጊዜው ነው። ፈተናው እስኪያልፍ የጓሮው በር ተቆልፎ ይቆይ ብያለሁ። ለወይዘሮ አበራሽም ነግሬያቸዋለሁ።"

"አቶ ዘርአብሩክ፣ እባክዎ! ቢያንስ እኔ እስክመጣ..."

"ቤቴል፣ ለጊዜው ነው አልኩሽ" ብለው ዘጉት።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ቤቴል ሥልጠናው ላይ ተቀምጣ ሳለ ከግቢው ጥበቃዎች አንዱ ደወለላት። "ማዕድ ቤቱ እየተቃጠለ ነው!" አለና መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አያነሳም። ወይዘሮ አበራሽ ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የሀሚዳም ይጠራል፣ የሚያነሳው ግን የለም። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፣ መናኸሪያ ደርሳ በተገኘው ሚኒባስ ገባች።

ያ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። ሚኒባሱ ዶዮገና ሲደርስ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቷን አውጥታ የእናቷን ቤት የምታይበት ኩርባ ላይ፣ ያን ዕለት ቀና እንኳ አላለችም። ዓይኗ ላይ የሚመላለሰው በሩ ላይ የተለጠፈችው ሀሚዳ ናት። "ተቆልፎ ይቆይ ብያለሁ" የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ያቃጭላል። ትናንት ማታ ለምን ተነስቼ አልሄድኩም? ለምን ለሴቶቹ አልደወልኩም? እንደዚህ እያለች ራሷን ስትወቅስ አንጋጫ አለፈ። አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት እንባዋን አይተው፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ በከምባትኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩላት ጀመር። ዱራሜ ላይ ወርዳ ወደ ሺንሺቾ የሚሄድ መኪና ያዘች።

ግቢው በር ላይ ስትወርድ ጭሱ ሰማይ ላይ ሳስቶ ነበር። ሮጠች። የማዕድ ቤቱ ጣሪያ በአንድ በኩል ወርዷል፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ተማሪዎች ባልዲ እንደያዙ ቆመዋል። ከወዲያ ሜዳው ላይ፣ ዛፉ ሥር፣ ሴቶቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ተቀምጠዋል። ሀሚዳ እግሯን ዘርግታ ውሃ ትጠጣለች። ወይዘሮ አበራሽ ፊታቸው በጥላሸት እንዳለ አንድ እግራቸውን ይዘው ያማርራሉ።

"አዲሱ ጫማዬ! አንዱ ብቻ ወጣ፣ አንዱ እዚያው ቀረ!"

ቤቴል አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም አልጎደለም። የአንዷ እጅ ላይ ትንሽ ቃጠሎ አለ፣ የግቢው ነርስ በፋሻ ትጠቀልልላታለች። ቤቴል ወይዘሮ አበራሽ እግር ሥር ተንበርክካ አቀፈቻቸው።

"ተነሽ አንቺ ልጅ፣ ልብስሽ ጠቆረ!" አሏት፤ እጃቸው ግን ጀርባዋን አልለቀቀም።

የሆነውን የነገረቻት ሀሚዳ ናት። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ብዙ ድንች ይጠበስ ነበር። ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሎ ተቀጣጠለ፤ አንዷ ደንግጣ ውሃ ደፋችበት፣ ነበልባሉ ጣሪያ ነካ። ወዲያው እሳቱ የጋዙን ጎማ ያዘ። ወደ መመገቢያው የሚያወጣው በር በእሳት ተዘጋ።

"በጓሮው ወጣን" አለች ሀሚዳ። "ያኔ በፊሽካ እንደወጣነው። ዛሬ ግን ማንም ማንንም አልገፋም። ግፊያ ሊጀምር ሲል እትዬ አበራሽ 'ሀሚዳ ትቅደም!' ብለው ጮኹ።"

"ግን በሩ... አቶ ዘርአብሩክ ተቆልፏል ብለውኝ ነበር።"

ሀሚዳ ወደ ወይዘሮ አበራሽ ዞራ ሳቀች። "እትዬ እምቢ አሉ እኮ! ጓጉንቸር ይዞ የመጣውን ሰው መለሱት። 'ዘይታችሁን ራሴ እጠብቃለሁ' ብለው በርጩማቸውን በሩ አፍ ላይ አድርገው ሽንኩርት ሲልጡ ዋሉ። ዛሬም ጠዋት እዚያው ተቀመጡ።"

ቤቴል ወይዘሮ አበራሽን አየቻቸው። ዘይት ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ሁሉ እያወቁ ነው በሩን ያልዘጉት።

"እትዬ፣ አልፈሩም?"

"ፈራሁ እንጂ! ምን ማለትሽ ነው?" አሉ ወይዘሮ አበራሽ። "ግን የዚህችን ልጅ ጩኸት ሰምቼ እንዴት ልቆልፍ?"

አቶ ዘርአብሩክ ሲመጡ ኮታቸው የለም፣ የሸሚዛቸው እጅጌ ረጥቧል፤ ከተማሪዎቹ ጋር ውሃ ሲያቀብሉ ቆይተው ነው። መጥተው ሴቶቹ ፊት ቆሙ።

"ወይዘሮ አበራሽ፣ እንኳን አልሰሙኝ" አሉ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ዛሬ ቤቴ የምገባው በእርስዎ ነው።" ከዚያ ወደ ቤቴል ዞሩ። "ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሚላከውን ሪፖርት እንደሆነው ጻፊው። እኔ ያዘዝኩትንም አትተዪ።"

"ይጠየቁበታል እኮ።"

"ልጠየቅበት።"

እንዳሉትም ተጻፈ፣ ተጠየቁም። ዩኒቨርሲቲው ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ክረምት ሳይገባም ዕቃ ቤቱ ለብቻው፣ ማዕድ ቤቱም ለብቻው ተሠራ። የምድጃዎቹ ቦታ የት ይሁን ሲባል፣ ግንበኞቹ መጀመሪያ የጠየቁት ወይዘሮ አበራሽን ነበር።

ሰዉ ግን ምስጋናውን ለቤቴል ነበር የሚያመጣው። የሀሚዳ ባል በግ ጎትቶ ካልተቀበልሽኝ አላት። ከመምህራኑ "ሕጉ መጣ" የሚላት ጠፋ። እሷ ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር፤ "አመስግኑ ከተባለ እትዬ አበራሽን ነው።" እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ሰዓት ላይ ስትነሳም ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ጠፍቶባት፣ "ጌታ ይመስገን፣ አበራሽ የምትባል ሴት ስለሰጠን" ብላ ተቀመጠች።

ይህን የሰሙት እናቷ ወይዘሮ ገነቴ ከዶዮገና ቡላና ቅቤ ተሸክመው መጡ። ቤቴል ወደ ወይዘሮ አበራሽ ቤት ወሰደቻቸው። የእናቷ አማርኛ "እርስዎ" የሚባል ነገር ብዙም አያውቅም፤ ገና ከመግባታቸው የሴትየዋን እጅ ይዘው ሳሙ።

"ልጄን አተረፍሽልኝ" አሉ።

ወይዘሮ አበራሽ ደንግጠው እጃቸውን ለመንጠቅ ሞከሩ። "ኧረ በማርያም! ያንቺ ልጅ እኮ ያን ቀን ሆሳዕና ነበረች። እሳቱንም አላየች።"

"አውቃለሁ" አሉ ወይዘሮ ገነቴ። "እናንተ ብትሞቱስ? ልጄ ሰው ሆና ትኖር ነበር?"

ወይዘሮ አበራሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠራርገው ወንበር አቀረቡ። ቤቴል ቡላውን በቅቤ ልታዘጋጅ ብድግ ስትል ግን አስቆሟት።

"ዛሬ ዓርብ ነው ልጄ። ቅቤ አልቀምስም።"

ወይዘሮ ገነቴ ጾም መሆኑ ገባቸው። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን መደቡ ላይ አወጡ።

"እንግዲያው ነገ እስክትበዪ እዚሁ ነኝ" አሉ።